ከተማ መያዝና ከተማ ማቆየት፦ ባይደዋና ኮባኒ የሚሰጡት ትምህርት

ጥር 18 ቀን በሁለት የተለያዩ ዓመታት፣ በሁለት የተራራቁ ከተሞች፣ ሁለት ተቃራኒ ዜናዎች የተሰሙባት ዕለት ናት። ጥር 18 ቀን 2001 ዓ.ም የሶማሊያ የሽግግር ፌዴራላዊ መንግሥት ምክር ቤት መቀመጫ የነበረችው ባይደዋ በአልሸባብ ታጣቂዎች እጅ ወደቀች። ልክ ከስድስት ዓመት በኋላ፣ ጥር 18 ቀን 2007 ዓ.ም፣ በሶሪያና በቱርክ ድንበር ላይ የምትገኘው ኮባኒ በኩርድ ተዋጊዎች ተጋድሎ ከአይ ኤስ ታጣቂዎች ነጻ ወጣች። የቀኑ መገጣጠም የአጋጣሚ ጉዳይ ነው። በሁለቱ ከተሞች የታየው ውጤት መለያየት ግን ምክንያት አለው።

የኮባኒ ውጊያ በተፋፋመበት የ2007 ዓ.ም መባቻ፣ የጅማ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት በሚገኝበት ኪቶ ፉርዲሳ አካባቢ ባሉ ሻይ ቤቶች፣ ወጣቶች በቴሌቪዥን ፊት ተሰብስበው የዚያችን ሩቅ ከተማ ዕጣ ፈንታ ይከታተሉ እንደነበር የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ያስታውሳል። በዕድሜ ገፋ ያሉት ግን የኮባኒን ወሬ እየሰሙ የሚያነሱት ስም ባይደዋን ነበር። የዚህም ምክንያቱ ግልጽ ነው። ከጅማ፣ ከአጋሮ፣ ከሊሙ ገነትና ከሌሎችም የቡና ከተሞች ተነስተው የአገር መከላከያ ሠራዊትን የተቀላቀሉ ልጆች ያሏቸው ቤተሰቦች የባይደዋን ስም የሚያውቁት ከዜና ብቻ አይደለም።

ሁለቱን ከተሞች ጎን ለጎን አድርጎ መመርመር አንድ መሠረታዊ ጥያቄ ለመመለስ ይረዳል። ይኸውም አንድን ከተማ ከጽንፈኛ ታጣቂዎች ማስለቀቅ የሚጠይቀው ኃይልና ያንኑ ከተማ ለዘለቄታው በሰላም ማቆየት የሚጠይቀው አቅም አንድ ናቸው ወይ? የሚለው ነው። የሁለቱም ታሪክ የሚያሳየው አንድ አለመሆናቸውን ነው።

የኮባኒ ተጋድሎ

እንደሚታወሰው አይ ኤስ በሰኔ ወር 2006 ዓ.ም የኢራቅን ታላቅ ከተማ ሞሱልን በመያዝ ከኢራቅ ጦር የማረከውን ከባድ መሣሪያ ወደ ሶሪያ ግንባር አዙሮ ነበር። በመስከረም 2007 ዓ.ም በኮባኒ ላይ ጥቃት ሲከፍት ከተማዋ በሦስት አቅጣጫ ተከበበች። አራተኛው አቅጣጫ የቱርክ ድንበር ነበር። በጥቂት ቀናት ውስጥ በዙሪያዋ የሚገኙ በመቶ የሚቆጠሩ መንደሮች በታጣቂዎቹ እጅ ወደቁ፤ ከመቶ ሺህ በላይ ሕዝብም ድንበር ተሻግሮ ቱርክ ገባ። በመስከረም ወር መጨረሻ የአይ ኤስ ታጣቂዎች ከተማዋን ቁልቁል የሚያየውን የሚሽተኑር ኮረብታ ይዘው ወደ መሀል ከተማ ሲዘልቁ፣ ብዙ የውጭ ታዛቢዎች የኮባኒን መውደቅ የቀናት ጉዳይ አድርገው ቆጥረውት ነበር።

ይሁን እንጂ ከተማዋ አልወደቀችም። የኩርድ ሕዝብ ጥበቃ ኃይል አባላት የሆኑ ወንዶችና ሴቶች ተዋጊዎች በየመንገዱና በየቤቱ መሽገው ተዋጉ። በአሜሪካ የሚመራው ጥምር ኃይል ከአየር ይደበድብ ጀመር። ጥቅምት 10 ቀን 2007 ዓ.ም የአሜሪካ አውሮፕላኖች የጦር መሣሪያና የሕክምና ቁሳቁስ ለተከበቡት ተዋጊዎች ከአየር ጣሉ። በዚያው ወር ቁጥራቸው 150 ያህል የሆነ የኢራቅ ኩርዶች የፔሽመርጋ ጦር አባላት ከባድ መሣሪያ ይዘው በቱርክ በኩል ገቡ፤ የነጻ ሶሪያ ጦር ክፍሎችም ጎን ለጎን ተሰለፉ። ከአራት ወራት በላይ ከወሰደ ውጊያ በኋላ፣ አብዛኛው ክፍሏ ፍርስራሽ የሆነው ከተማ በባለቤቶቿ እጅ ቀረች።

ለዚህ ውጤት ሦስት ምክንያቶች በዋናነት ይጠቀሳሉ። የመጀመሪያው በምሽግ ውስጥ የነበሩት ተዋጊዎች አብዛኞቹ የዚያው ምድር ልጆች መሆናቸው ነው። የሚከላከሉት ቤታቸውን ስለነበር ወደ ኋላ የሚሉበት ሌላ ስፍራ አልነበራቸውም። ሁለተኛው የውጭው እርዳታ የአካባቢውን ኃይል የሚደግፍ እንጂ የሚተካ አለመሆኑ ነው። ሦስተኛው ከሐምሌ 2004 ዓ.ም ጀምሮ የሶሪያ ጦር ከአካባቢው ሲወጣ ኩርዶቹ በኮባኒ የራሳቸውን አስተዳደር መሥርተው መቆየታቸው ነው። ስለሆነም ውጊያው ሲያበቃ ተፈናቃዩን የሚቀበል፣ ፍርስራሹን የሚያነሳና ጸጥታ የሚያስከብር አካል በስፍራው ነበር።

የኮባኒ ታሪክ ግን በድል ብቻ አልተደመደመም። ከነጻነቷ አምስት ወር ባልሞላ ጊዜ ውስጥ፣ በሰኔ 2007 ዓ.ም፣ ተመሳስለው የገቡ የአይ ኤስ ታጣቂዎች በከተማዋና በአቅራቢያዋ ከ200 በላይ ሰላማዊ ሰዎችን ገደሉ። የኩርድ ኃይሎችም በኋላ ራቃንና ሌሎች አብዛኛው ነዋሪያቸው ዓረብ የሆኑ ከተሞችን ሲይዙ፣ በኮባኒ የነበራቸውን ዓይነት የሕዝብ መሠረት በሁሉም ስፍራ አላገኙም። ቱርክ በበኩሏ እነዚህን ኃይሎች ለረጅም ዓመታት በግዛቷ ውስጥ ከተዋጋት የኩርድ ሠራተኞች ፓርቲ ለይታ ስለማታያቸው በ2012 ዓ.ም መጀመሪያ በሰሜን ሶሪያ ዘመቻ ከፈተች። አሜሪካም ወታደሮቿን ከድንበሩ አካባቢ አነሳች። በዚያን ጊዜ የኩርድ አመራሮች የሶሪያን መንግሥት ጦርና የሩሲያን ወታደሮች ወደ ኮባኒ ለመጥራት ተገደዋል። የበሽር አል አሳድ መንግሥት በኅዳር 2017 ዓ.ም ከወደቀ በኋላም፣ በመጋቢት ወር 2017 ዓ.ም መጀመሪያ የኩርዶቹ አዛዥ ማዝሉም አብዲ ከአዲሱ የሶሪያ ፕሬዚዳንት አሕመድ አል ሻራ ጋር ኃይላቸውን ከመንግሥት ተቋማት ጋር ለማዋሐድ የሚያስችል ስምምነት ፈርመዋል። ይህም የአካባቢ ኃይል ምንም ያህል ጀግና ቢሆን ከጎረቤቱና ከማዕከላዊ መንግሥት ጋር የፖለቲካ መፍትሔ ሳያገኝ ብቻውን ሊዘልቅ እንደማይችል የሚያመለክት ነው።

የባይደዋ ጉዞ

ከኮባኒ ይልቅ ለአገራችን የሚቀርበውና ኢትዮጵያውያን በደማቸው ያወቁት ታሪክ የባይደዋ ነው። ባይደዋ ከሞቃዲሾ በስተሰሜን ምዕራብ 250 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኝ፣ የባይ አውራጃ ዋና ከተማ ናት። በጁባና በሸበሌ ወንዞች መካከል ባለው ለም መሬት ማሽላ የሚያመርተውና ከብት የሚያረባው ሕዝቧ በአብዛኛው ከራሃንዌይን ጎሳ የሚወለድ ሲሆን የሚናገረውም ማይ የተባለውን የሶማሊኛ ዘዬ ነው። የዚያድ ባሬ መንግሥት ከወደቀ በኋላ ጠንካራ የጦር አበጋዝ ያልነበረው ይህ ሕዝብ በየአቅጣጫው በሚመጡ ታጣቂዎች እህሉ ተዘረፈ። በ1984 እና በ1985 ዓ.ም በደረሰው ረሃብም ክፉኛ ከተጎዱት ከተሞች አንዷ ባይደዋ ነበረች።

የባይደዋ ተወላጆች የራሃንዌይን የተቃውሞ ጦር የተባለውን ድርጅት የመሠረቱት ከዚህ በደል በመነሳት ነው። በ1988 ዓ.ም የተመሠረተው ይህ ጦር በሐሰን መሐመድ ኑር ሻቲጋዱድ መሪነት ለዓመታት ከተዋጋ በኋላ፣ በኢትዮጵያ ድጋፍ፣ በግንቦት ወር 1991 ዓ.ም መጨረሻ የሁሴን አይዲድን ታጣቂዎች ከባይደዋ አስወጣ። የዚያን ጊዜው ሁኔታ ከኮባኒ ጋር በብዙ ይመሳሰላል። የአካባቢው ልጆች ተዋጉ፤ የውጭ ኃይል ደገፈ፤ ከተማዋም ተለቀቀች።

በዚያው ዘመን ኢትዮጵያን ያሳሰባት ሌላ አደጋ በጌዶ አውራጃ ተቀምጦ ነበር። አልኢትሃድ አል ኢስላሚያ የተባለው ጽንፈኛ ድርጅት የሉቅን ከተማ ማዕከል አድርጎ በ1988 ዓ.ም በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ሆቴሎች ላይ ለደረሱ የቦምብ ጥቃቶች ኃላፊ ሆኖ ተገኝቷል። በሐምሌ ወር 1988 ዓ.ም ደግሞ በወቅቱ የትራንስፖርትና መገናኛ ሚኒስትር በነበሩት በዶክተር አብዱልመጂድ ሁሴን ላይ የግድያ ሙከራ ተደረገ። የኢትዮጵያ ሠራዊት በነሐሴ 1988 ዓ.ም በሉቅ፣ በዶሎና በቡሎ ሃዎ የነበሩትን የድርጅቱን ሰፈሮች መታ፤ በጥር 1989 ዓ.ም ዘመቻው ተደገመ። የድርጅቱ ወታደራዊ አቅም ቢሰበርም፣ ከአባላቱ አንዳንዶቹ ከዓመታት በኋላ በእስልምና ፍርድ ቤቶች ኅብረት ውስጥ ዳግም ብቅ ብለዋል። ሼክ ሐሰን ዳሂር አዌይስ ለዚህ አብነት ናቸው። ጦር ሰፈር ሲፈርስ አስተሳሰቡ አብሮ እንደማይፈርስ የመጀመሪያው ማሳያ ይህ ነበር።

የባይደዋም ሰላም ብዙ አልዘለቀም። ከተማዋን ያስለቀቀው የራሃንዌይን ጦር በ1994 ዓ.ም አመራሩ ለሁለት ተከፈለ። በሻቲጋዱድ ወገንና በምክትሎቻቸው በሼክ አደን ማዶቤና በመሐመድ ኢብራሂም ሃብሳዴ ወገን መካከል በከተማዋ ውስጥ ውጊያ ተካሄደ። የአገሬው ልጅ መሆን ብቻውን ዋስትና አለመሆኑን፣ አንድነቱን ያጣ ባለቤት ከተማውን ለሌላ ክፍት እንደሚያደርግ ባይደዋ በራሷ ላይ አየች።

ከታኅሣሥ 1999 እስከ ጥር 2001

በ1997 ዓ.ም መጀመሪያ በኬንያ የተመሠረተው የሶማሊያ የሽግግር ፌዴራላዊ መንግሥት ወደ ሞቃዲሾ ለመግባት ስላልቻለ ባይደዋን መቀመጫው አደረገ። ምክር ቤቱ በየካቲት 1998 ዓ.ም የመጀመሪያ ስብሰባውን በከተማዋ ያካሄደው ቀድሞ የእህል መጋዘን በነበረ ሕንፃ ውስጥ ነበር። ከጥቂት ወራት በኋላ፣ በግንቦት 1998 ዓ.ም መጨረሻ፣ የእስልምና ፍርድ ቤቶች ኅብረት ሞቃዲሾን ተቆጣጠረ። ለዓመታት በጦር አበጋዞች ኬላ የተሰላቸው የሞቃዲሾ ነዋሪ ኅብረቱ ያመጣውን ጸጥታ በደስታ እንደተቀበለው አይካድም። ችግሩ በኅብረቱ ውስጥ የበላይነት እየያዙ የመጡት አክራሪዎች በባይደዋ መንግሥትና በኢትዮጵያ ላይ ጂሃድ ማወጃቸው ነበር። በመስከረም 1999 ዓ.ም በባይደዋ በፕሬዚዳንት አብዱላሂ ዩሱፍ ላይ በመኪና ላይ በተጠመደ ቦምብ የተቃጣው ጥቃት የፕሬዚዳንቱን ወንድም ጨምሮ የበርካታ ሰዎችን ሕይወት ቀጠፈ።

የኢትዮጵያ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በኅዳር 1999 ዓ.ም መንግሥት አስፈላጊውን ሁሉ እርምጃ እንዲወስድ ፈቀደ። በታኅሣሥ መጀመሪያ ኅብረቱ የኢትዮጵያ ወታደሮች በሰባት ቀን ውስጥ ከሶማሊያ እንዲወጡ የማስጠንቀቂያ ቀነ ገደብ አወጣ። ገደቡ ሲያበቃ ከታኅሣሥ 11 ቀን ጀምሮ ውጊያው በባይደዋ ዙሪያ በዳይኑናይና በኢዳሌ ግንባሮች ፈነዳ። በጅማና በአካባቢዋ የቡና ለቀማ በተያዘበት በዚያው ወር፣ ታኅሣሥ 15 ቀን፣ ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ ኢትዮጵያ ወደ ጦርነቱ መግባቷን በቴሌቪዥን ለሕዝብ አስታወቁ። የኅብረቱ ታጣቂዎች ከዳይኑናይና ከቡር ሃካባ ሸሹ። ታኅሣሥ 19 ቀን ሞቃዲሾ ተለቀቀች። የባይደዋ ከበባ በጀመረ በዘጠነኛው ቀን ጦርነቱ ያለቀ መሰለ።

ወታደራዊው ድል ፈጣን እንደነበር ወዳጅም ጠላትም የመሰከረው ነው። ነገር ግን ድሉን የሚረከብ የአካባቢ ባለቤት አልተገኘም። የሽግግሩ መንግሥት ደመወዝ ያልተከፈለው ጥቂት ጦር፣ እርስ በርሱ የሚወዛወዝ አመራርና ቀረጥ የሚሰበስብበት አነስተኛ መሬት ብቻ ነበረው። የአፍሪካ ኅብረት ሰላም አስከባሪዎችም በዝግታ ነበር የሚገቡት፤ የመጀመሪያዎቹ የኡጋንዳ ወታደሮች ሞቃዲሾ የደረሱት በየካቲት 1999 ዓ.ም መጨረሻ ነው። በሞቃዲሾ በተካሄደው የከተማ ውጊያ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ነዋሪዎች ተፈናቀሉ። ከፍርድ ቤቶቹ ኅብረት ፍርስራሽ የተነሳው አልሸባብም የውጭ ጦር መኖሩን ለምልመላ ተጠቀመበት። በሃይማኖት ጥሪው የማይማረከውን ወጣት በአገር ፍቅር ስም መሳብ ቻለ።

በ2000 ዓ.ም መጨረሻ በጅቡቲ የተጀመረው ድርድር የኢትዮጵያ ሠራዊት እንዲወጣ በር ከፈተ። ሠራዊቱ በጥር 2001 ዓ.ም ከባይደዋ እንደወጣ አልሸባብ ከተማዋን ያዘ። የምክር ቤቱ አባላት በዚያን ዕለት በጅቡቲ ስብሰባ ላይ ነበሩ፤ ሊመለሱበት የሚችሉበት መቀመጫ ከኋላቸው ጠፋ። በዚያው ሳምንት መጨረሻ የመረጡት አዲስ ፕሬዚዳንት ደግሞ ከሁለት ዓመት በፊት የፍርድ ቤቶቹ ኅብረት መሪ የነበሩት ሼክ ሸሪፍ ሼክ አሕመድ ነበሩ። በታኅሣሥ 1999 በጦር ግንባር ተቃራኒ ወገን የነበሩት ሰው በጥር 2001 የመንግሥት መሪ ሆኑ። የጦርነቱ መጨረሻ በድርድር ጠረጴዛ ላይ እንደሚወሰን ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም።

አልሸባብ ባይደዋን ያጣበት ምክንያት

ከተማ ማቆየት የሚሳነው መንግሥት ብቻ አይደለም። አልሸባብ ባይደዋን የያዘው የራሃንዌይን ተወላጅ በሆነው በሙክታር ሮቦው መሪነት ስለነበር የአካባቢ መሠረት ነበረው። ይህን መሠረት ግን በገዛ እጁ ሸረሸረው። የምግብ እርዳታ ድርጅቶችን አገደ፤ ከገበሬው በግዳጅ ግብር ሰበሰበ፤ ወጣቶቹን ወደ ሞቃዲሾ ግንባር ነዳ። ዝናቡ ሲጠፋ የባይ አውራጃ ሕዝብ የሚደርስለት አላገኘም። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት በነሐሴ 2003 ዓ.ም መጨረሻ በአውራጃው የረሃብ አደጋ መከሰቱን አወጀ። በዚህ ሁኔታ ላይ እያለ፣ የካቲት 14 ቀን 2004 ዓ.ም፣ የኢትዮጵያ ሠራዊትና የሶማሊያ መንግሥት ጦር ወደ ባይደዋ ሲገቡ አልሸባብ ያን ያህል ሳይዋጋ ከተማዋን ለቆ ወጣ። የተራበ ሕዝብ የሚዋጋለት ጌታ አይኖርም።

የቀድሞው ስህተት በሌላ ስፍራ ግን ተደገመ። የኢትዮጵያ ወታደሮች በመጋቢት 2005 ዓ.ም ከባኮል አውራጃ ዋና ከተማ ከሁዱር ሲወጡ አልሸባብ ከተማዋን በዚያው ዕለት ያዘ። ሁዱር ዳግም የተለቀቀችው ከአንድ ዓመት ገደማ በኋላ፣ የኢትዮጵያ ጦር በጥር 2006 ዓ.ም የአፍሪካ ኅብረትን ተልዕኮ በይፋ ከተቀላቀለ ወዲያ ነው። ከዚያም በኋላ ቢሆን አልሸባብ ወደ ከተማዋ የሚወስዱትን መንገዶች ዘግቶ ነዋሪውን ለረጅም ዓመታት በከበባ አሠቃየ። ባንዲራው በከተማው መሀል ቢውለበለብም፣ እህል የጫነው መኪና ከኬላው ማለፍ ካልቻለ ከተማዋ ተይዛለች ማለት ይከብዳል።

በባይደዋ የተሻለ ውጤት የታየው የአካባቢው ሰው በአስተዳደሩ ውስጥ ቦታ ባገኘ መጠን ነው። በ2007 ዓ.ም የደቡብ ምዕራብ ሶማሊያ ክልል ተቋቁሞ ባይደዋ ማዕከሉ ሆነች። በክልሉ ተወላጆች የተሞላ ፖሊስና ጦር ማሠልጠን ተጀመረ። ባይደዋም ከድርቅና ከአልሸባብ አገዛዝ የሸሹ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ተፈናቃዮች የሚጠለሉባት ከተማ ሆነች። ሰው ወደ ከተማዋ መሸሹ ራሱ የሚናገረው ነገር አለ።

ሆኖም የፖለቲካው ጥያቄ ባልተመለሰበት ጊዜ ሁሉ አደጋው ተመልሷል። በነሐሴ 2009 ዓ.ም እጁን ለመንግሥት የሰጠው ሙክታር ሮቦው በታኅሣሥ 2011 ዓ.ም ለክልሉ ፕሬዚዳንትነት ሲወዳደር ተይዞ ታሰረ። ደጋፊዎቹ በባይደዋ አደባባይ ወጡ፤ በተነሳው ግጭትም ሰዎች ሞቱ። ይኸው ሰው በሐምሌ 2014 ዓ.ም ከእስር ወጥቶ የሶማሊያ የሃይማኖት ጉዳዮች ሚኒስትር ሆኖ ተሾመ። ሁለቱን ውሳኔዎች የሚመዝን ሁሉ፣ ከጽንፈኝነት የሚመለስ ሰው በሕግና በፖለቲካ መንገድ እንዴት ሊስተናገድ እንደሚገባ አስቀድሞ የተዘጋጀ አሠራር ቢኖር ኖሮ የነዚያ ሰዎች ሕይወት ይተርፍ እንደነበር ለመጠየቅ ይገደዳል።

ሐምሌ 2014 በአፍዴር

ይህ ሁሉ በጎረቤት አገር የሆነ ነው በሚል የሚታለፍ እንዳልሆነ ሐምሌ 2014 ዓ.ም አሳይቷል። ከሐምሌ 13 ቀን ጀምሮ በርካታ የአልሸባብ ታጣቂዎች በድንበሩ አካባቢ በአቶና በዪድ በሚገኙ የሶማሌ ክልል ልዩ ኃይል ሰፈሮች ላይ ጥቃት ከፈቱ። ከፊሎቹም ወደ ኢትዮጵያ ምድር ዘልቀው ወደ አፍዴር ዞን ገቡ። ኢትዮጵያ በሰሜኑ ጦርነት በተወጠረችበት ወቅት የተመረጠው ይህ ጥቃት በአገር ውስጥ የጦር ሰፈር ለመመሥረት የታሰበ እንደነበር የብዙ ተንታኞች ግምት ነው። ታጣቂዎቹ ሁልሁል በተባለው ስፍራ ተከበው ተመቱ። የክልሉ መንግሥት ከመቶ በላይ ታጣቂዎች መገደላቸውን አስታውቋል። ውጊያው በድንበሩ ለተጨማሪ ቀናት ቢቀጥልም የታሰበው ሰፈር ሳይመሠረት ቀረ።

የመጀመሪያውን ጥቃት የተቀበለው የክልሉ ልዩ ኃይል አባላት የአካባቢው ቋንቋ ተናጋሪዎች፣ ውሃ ጉድጓዱንና የግመል መንገዱን የሚያውቁ ነበሩ። በአርብቶ አደሩ ምድር እንግዳ እግር ቶሎ ይታወቃል። እዚህ ላይ ከኮባኒ ጋር ያለው መመሳሰል ጎልቶ ይታያል። ሳይጠቀስ መታለፍ የሌለበት ግን ይኸው ልዩ ኃይል ከ2010 ዓ.ም በፊት በነበረው የክልሉ አመራር ዘመን በሰብዓዊ መብት ጥሰት ብርቱ ክስ ሲቀርብበት የቆየ መሆኑ ነው። የአካባቢ ኃይል ሕዝቡን ሲጠብቅ የማይደፈር ግንብ ነው፤ ሕዝቡን ሲበድል ግን ለጽንፈኛው ምልመላ በር ይከፍታል። በመጋቢት 2015 ዓ.ም መጨረሻ መንግሥት የክልል ልዩ ኃይሎችን ወደ መከላከያ ሠራዊትና ወደ ፖሊስ ተቋማት ለማስገባት ከወሰነ በኋላ ጥያቄው ሌላ መልክ ይዟል። አንድ ወጥ የዕዝ ሰንሰለት የሚሰጠው ጥቅም ሳይጓደል፣ የአካባቢው ልጅ በምድሩ ላይ ያለው ዕውቀት በምን መንገድ ይጠበቅ? የሚለው ነው።

ትምህርቱ ለጅማ

የባይደዋ ውጊያ በተካሄደበት በ1999 ዓ.ም ጅማም የራሷን ፈተና አሳልፋለች። በዓመቱ መጀመሪያ ወራት በጅማ ዞን ጎማ ወረዳ በበሻሻና በአካባቢው በሃይማኖት ስም በተቀሰቀሰ ጥቃት ሰዎች ተገድለዋል፤ ቤተ ክርስቲያንና መኖሪያ ቤቶች ተቃጥለዋል። በ2003 ዓ.ም ደግሞ በአሰንዳቦና በዙሪያው፣ ቁርዓን ተዋረደ በሚል ወሬ መነሻነት፣ የወንጌላውያን አማኞች ጸሎት ቤቶች ተቃጥለው በሺዎች የሚቆጠሩ ዜጎች ተፈናቅለዋል። ጥቃቶቹ የዘመናት አብሮ የመኖር ታሪክ ባለው አገር፣ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በአንድ ቡና ረከቦት ዙሪያ በሚቀመጥበት ምድር መድረሳቸው ብዙዎችን አስደንግጧል።

ጅማ ከጦርነት ቀጣና ጋር የምትነጻጸር አልነበረችም፤ ለማነጻጸርም አይገባም። ነገር ግን የመፍትሔው አቅጣጫ አንድ ነበር። የጸጥታ ኃይሉ ጥቃቱን አስቆመ፤ ተጠርጣሪዎችም ለፍርድ ቀረቡ። ይህ የቀናትና የወራት ሥራ ነበር። ጎረቤትን ከጎረቤት ጋር መልሶ ማቀራረብ ግን ወታደር የሚሠራው አልነበረም። የሃይማኖት አባቶችና የአገር ሽማግሌዎች የተሳተፉበት የሰላም መድረክ ተቋቁሞ፣ ጃርሳ ቢያ በሚባለው የሽማግሌ ወግ መሠረት ለዓመታት ተደከመበት። ሥራው ዛሬም ቢሆን ተጠናቀቀ ሊባል የሚችል አይደለም፤ በተፈጥሮው የሚጠናቀቅም አይደለምና።

አይ ኤስ በሚያዝያ 2007 ዓ.ም በሊቢያ ኢትዮጵያውያን ክርስቲያን ወንድሞቻችንን በግፍ መግደሉን የሚያሳይ ምስል ሲያሰራጭ፣ ኮባኒ ነጻ ከወጣች ሦስት ወር እንኳ አልሞላም ነበር። በዚያን ሰሞን የአገሪቱ ሙስሊሞችና ክርስቲያኖች በአንድ ላይ ሐዘን ተቀመጡ። ገዳዮቹ ሁለቱን ሃይማኖቶች ለመለያየት ያሰቡት ድርጊት ያላሰቡትን ውጤት አመጣ። በዚህ ረገድ ያ የሐዘን ሳምንት የምሽግ ያህል ዋጋ ነበረው።

ማጠቃለያ

ከሉቅ እስከ ባይደዋ፣ ከኮባኒ እስከ አፍዴር የተካሄዱት ውጊያዎች የየራሳቸው መልክ ቢኖራቸውም ወደ አንድ መደምደሚያ ይመራሉ። ከተማን ከጽንፈኛ ታጣቂ የሚያስለቅቀው ጦር ነው። ይህን የጦሩን ድርሻ ማሳነስ በየግንባሩ የወደቁትን መካድ ነው። ከተማውን የሚያቆየው ግን የከተማው ሰው ነው። የራሱ አስተዳደር፣ ደመወዙ የሚከፈለው ፖሊስ፣ የተከፈተ መንገድ፣ የሚሠራ ገበያና የተበደለው የሚሰማበት ችሎት ሲኖረው ነዋሪው ከተማውን ይጠብቃል። እነዚህ በሌሉበት፣ ባይደዋ ላይ እንደታየው፣ የዘጠኝ ቀን ድል በሁለት ዓመት ውስጥ ተመልሶ ሊጠፋ ይችላል።

የአፍሪካ ኅብረት በሶማሊያ ያሰማራው ተልዕኮ ከ1999 ዓ.ም ጀምሮ ስሙን እየለወጠ ቀጥሎ፣ ከታኅሣሥ 2017 ዓ.ም ወዲህ ሦስተኛ ስያሜውን ይዟል። በየጊዜው ሲታደስ በቅድሚያ የሚነሳው ጥያቄ የወታደር ቁጥርና የገንዘብ ምንጭ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። ከእርሱ እኩል ሊነሳ የሚገባው ግን ሠራዊቱ የሚወጣበት ቀን ሲደርስ በየከተማው ማን ቁልፉን ይረከባል? የሚለው ነው። የኢትዮጵያ ወታደር ለባይደዋ የከፈለው ዋጋ ዘላቂ ፍሬ የሚያፈራው ለዚህ ጥያቄ መልስ ሲገኝ ነው። ልጆቻቸውን ወደዚያ የላኩ የጅማና የአካባቢዋ ቤተሰቦችም ከማንም በፊት ሊሰሙት የሚገባቸው መልስ ይኸው ነው።